ቀይ ነጥብ ያላቸው ንቦች

ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ሳልነግራችሁ የሆነውን ባወራ አታምኑኝም። ጎረቤት አንድ እንቁላል ቢልክልኝ ከመብላቴ በፊት ለምን እንደላከው ሁለት ቀን የማስብ ሰው ነበርኩ። በመንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው ሲስቁ ካየሁ የሚስቁት በእኔ ነው። ደጄ ላይ የቆመ እንግዳ ጉሮሮውን ከጠረገ የሚደብቀው ነገር አለ። ባለቤቴ ይታይሽ «አንተ እኮ ሰላምታም ስትቀበል ትመረምራለህ» ትለኝ ነበር። እኔ ግን ይህን ጠባዬን እንደ ብልህነት ነበር የምቆጥረው። ሌላው ሰው ተኝቷል፣ እኔ ብቻ ነቅቻለሁ ብዬ አምን ነበር።

ቤታችን ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ሊከበር ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ በመስከረም ወር ነው። በዚያን ጊዜ ስሜ በአካባቢው ከፍ ብሎ ነበር። ሞዴል አርሶ አደር ተብዬ ደብረ ማርቆስ ድረስ ለሥልጠና ሄጄ፣ በጀርባ የሚታዘል የፀረ ተባይ መርጫ በውሰት ይዤ ተመልሻለሁ። በሰፈራችን መርጫ ያዘለ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርኩ። ልጆች ከኋላዬ ይከተሉኝ፣ ትልልቆቹም ከሩቅ ቆመው ያዩኝ ነበር። እኔም ሲያዩኝ ቀስ ብዬ እራመድ እንደነበር አልደብቃችሁም።

ከአባቴ የወረስኳቸው ዘጠኝ የንብ ቀፎዎችም ነበሩኝ። በቤቱ ዙሪያ ከጣሪያው ጥግ ሥር ተደርድረው ተሰቅለዋል። አባቴ ሲሞት እንጨት ላይ ጨርቅ አንጠልጥዬ ለንቦቹ መርዶ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ካልነገሯቸው ጥለው ይሄዳሉ ይባላል። አልሄዱም። ስለዚህ ቀፎዎቹን ሳይ አባቴ ያመነኝ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ደግሞ የኔታን ላስተዋውቃችሁ። የኔታ ጥበቡ ከሦስት ዓመት በፊት ከደብረ ወርቅ በኩል መጥተው በሰፈራችን ጊዮርጊስ ግቢ የተቀመጡ የአብነት መምህር ናቸው። አሥራ አንድ ተማሪዎች አሏቸው። ከማስተማሩ ሌላ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ብራና ዳምጠው፣ ቀለም በጥብጠው የጸሎት መጻሕፍት ይጽፋሉ። ለቀለማቸው ሲሉ ጥላሸት ከየቤቱ ይለምናሉ፣ ቅጠል ይለቅማሉ፣ ሥር ይቆፍራሉ። ንግግራቸው ጥቂት ነው። እንግዲህ ከሩቅ የመጣ፣ ቅጠል የሚለቅም፣ ዝም የሚል መምህር እኛ አገር ምን ተብሎ እንደሚታማ ታውቃላችሁ። ማንም ደፍሮ አይናገርም፤ ግን እናት ልጇ ሲታመም «የኔታ ትናንት በዚህ አልፈው ነበር?» ብላ ትጠይቃለች።

እኔ ደግሞ ማንም ሳይጠይቅ የምጠረጥር ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይኔን ከእሳቸው ላይ አላነሳሁም።

ሰኞ ዕለት ጠዋት ነው ነገሩ የጀመረው። ባቄላዬ ከጉብታው በስተጀርባ ባለው ረባዳ መሬት ላይ ነበር፤ አብቦ ከሩቅ ይሸታል። ነገር ግን ክሽክሽ የሚባለው ጥቁር ተባይ ጫፍ ጫፉን ወርሮታል። የጎረቤቶቼም ባቄላ እንዲሁ ተወርሯል። ከወረዳ እንግዶች መጥተው ማሳዬን ሊጎበኙ ስለነበር የእኔ ብቻ ለምልሞ እንዲታይ ፈለግሁ። ስለዚህ ለማንም ሳልናገር፣ ጤዛው እንደደረቀና ፀሐይ እንደሞቀ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ወርጄ ረጨሁ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይመጣና ያጥበዋል ብዬ ነው ጠዋትን የመረጥኩት። ክሽክሹ በአንድ ሰዓት ውስጥ ረገፈ። እያፏጨሁ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ይታይሽ ከደጅ ጠራችኝ።

«ና እስኪ ንቦቹን እያቸው።»

ከቀፎዎቹ ሥር መሬቱ ጠቁሯል። ያለቁት አልቀዋል፤ ያላለቁት በጀርባቸው ተገልብጠው እግራቸውን ያርገፈግፋሉ። አንዳንዷ ተነስታ ለመብረር ትሞክርና እየተሽከረከረች ትወድቃለች። ምላሳቸው ወጥቷል። አባቴ አርባ ዓመት ንብ ሲያረባ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም፤ ቢያይ ኖሮ ይነግረኝ ነበር። እዚያው ቁጢጥ አልኩ።

ይታይሽ አንዷን በቅጠል አንስታ አየቻት።

«ትናንት የረጨኸው ነገር ይሆን እንዴ?» አለች።

«ያ የክሽክሽ ነው። ንብ ምን አገባት?»

«እንጃ። ባቄላው ላይ ሲውሉ አያለሁ።»

«አንቺ ደግሞ መቼ ማሳ ወርደሽ አየሽ?» አልኳት።

ይኸውላችሁ፣ እሷንም ጠረጠርኳት። እውነት ነው የምላችሁ። መርጫውን ከመጣ ጀምሮ አትወደውም ነበር፤ ሽታው ራሴን ያመኛል እያለች። ስለዚህ ይህን የምትለው መርጫውን እንድመልስ ፈልጋ ነው ብዬ ደመደምኩ። እሷም ፊቴን አይታ ቅጠሉን አስቀመጠችና ወደ ቤት ገባች።

ጎረቤቴ አያ ዳምጤ ወሬውን ሰምቶ መጣ። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ በጥርጣሬም ከእኔ የማያንስ ሰው ነው። መሬቱን አየ፣ ቀፎዎቹን አንድ በአንድ አየ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይሄ በሽታ አይደለም፣ ምንይችል።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እጀ ሰብ ነው። ሰው ያስነካው ነገር ነው። ስምህ ከፍ አለ፣ ሥልጠና ሄድክ፣ እንግዳ ሊመጣልህ ነው። ይህን የማይወድ የለም?»

«ማን?»

አያ ዳምጤ አገጩን ብቻ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች አዞረ። እኔም ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ረቡዕ ቀን የኔታን መከታተል ጀመርኩ። ከተማሪዎቻቸው ጋር አልነበሩም። ብቻቸውን፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው፣ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ድንበሩ ላይ ይቆማሉ፣ ያጎነብሳሉ፣ ከመሬት አንድ ነገር አንስተው ያያሉ፣ ይጥሉታል። የአንዱን ገብስ አልፈው የሌላውን አተር ይዞራሉ። በወገባቸው የቀለም ቀንዳቸው ታስሯል። ሰው የቀለም ቀንድ ይዞ ገብስ ውስጥ ምን ይሠራል? ከቁጥቋጦ ኋላ ሆኜ እስከ ስድስት ሰዓት ገደማ ድረስ አየኋቸው። በመጨረሻ ጉብታውን ዞረው ወደ እኔ ባቄላ ወረዱ። እዚያ ሲደርሱ እንደ ሌላው ቦታ ቶሎ አልተነሱም። ብዙ ቆዩ። ካጎነበሱበት ቀና ሲሉ ከመሬት የለቀሙትን ነገር በቁራጭ ወረቀት ጠቅልለው በጋቢያቸው ውስጥ አስገቡ። ዙሪያውን አማተሩ። ከዚያ በመጡበት ሄዱ።

ተከትዬ መያዝ ነበረብኝ፤ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። የሚያስነኩ ከሆነ በቅርብ መገኘት አልፈለግሁም።

ሐሙስ ጠዋት ይታይሽ እንኳ ሳታውቅ ወደ ማሳው ወረድኩ። እሳቸው በቆሙበት ቦታ ቆምኩ። ባቄላው ሥር የሞቱ ንቦች ተበትነዋል። አንዷን አነሳሁ፣ እጄ ላይ ገለበጥኳትና ደነገጥኩ። ጀርባዋ ላይ፣ በክንፎቿ መካከል፣ ቀይ ነጥብ አለ። ደም አይደለም። ቀለም ነው፤ እጅ ያስቀመጠው ትንሽ ክብ ነጥብ። ሌላ አነሳሁ፣ የላትም። ሌላ፣ አላት። ሰባት ቀይ ነጥብ ያላቸው ንቦች በመሐረቤ ቋጠርኩ። በሰፈራችን ቀይ ቀለም ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያም ቀለም የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት ነው።

አያ ዳምጤ መሐረቡን ፈታ። «ስምህን ጠርቶ ነው የቀባቸው» አለ። «በየንቧ ላይ ድግምት ደግሞባታል።»

በዚያው ወደ ቄስ ውበቱ ሄድን። ቄስ ውበቱ የደብሩ አለቃም የእኔም የነፍስ አባት ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ በነገር የማይቸኩሉ ሰው። ንቦቹን ወደ ብርሃን አቅርበው ብዙ አዩ።

«ከየት ነው ያገኘሃቸው?»

እዚህ ላይ ዋሸሁ። ከባቄላው ማሳ ብል ሰው ሄዶ ያየዋል፤ የጎረቤቶቼ ባቄላ በክሽክሽ አልቆ የእኔ ብቻ ንጹሕ መሆኑን ያያል፤ እኔም ሳላካፍላቸው ብቻዬን መርጨቴ ይታወቃል።

«ከደጄ» አልኩ። «ከቀፎዎቼ ሥር።»

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ይሰማው» አሉ ቄስ ውበቱ። «እውነት ከሆነ እዚህ ግቢ አይቀመጡም። እስከዚያ ግን ለማንም አታውራ።»

ለማንም አላወራሁም፤ አያ ዳምጤ ግን ለሁሉም አወራ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ የኔታ ደጄ ላይ ቆመው አየኋቸው። በመስኮቱ ቀዳዳ ነበር የማያቸው። «ምንይችል አለ?» ብለው ይታይሽን ጠየቋት። እኔ ከውስጥ በእጄ «የለም በይ» አልኳት። የለም አለች፤ ውሸት ስለማትችልበት ግን አንገቷን ደፍታ። እሳቸውም «ነገ እመጣለሁ፣ ብርቱ ጉዳይ ነው በዪው» ብለው ሄዱ። ዓርብም መጡ። ያን ጊዜ ውሻውን ፈታሁባቸው። በዘንጋቸው እየመከቱ ከደጃፉ ትንሽ ራቅ ብለው ቆሙ፤ ወደ ቤቱ እያዩ ብዙ ጠበቁ። ያጠፉት ነገር ስለገለጥኩባቸው ሊለምኑኝ ወይም ሊያስፈራሩኝ ነው ብዬ ከበሩ ጀርባ ትንፋሼን ዋጥኩ።

ከመምጣታቸው በፊት፣ የዚያኑ ዓርብ ጠዋት፣ ማሳውን ለሁለተኛ ጊዜ ረጭቼው ነበር። እንግዶቹ የሚመጡበት ቀን ስለደረሰ ነው። ቅዳሜ ሲነጋ ከዘጠኙ ቀፎ አምስቱ ጸጥ አሉ። ጆሮዬን አስጠግቼ ባዳምጥ ምንም ድምፅ የለም። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ አላለቀስኩም። ካለቀስኩ በኋላም በልቤ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ደጄ ድረስ መጥተው ጨረሷቸው» አልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው አልተበተነም። ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ካለው የወይራ ዛፍ ሥር ሰበካ ጉባኤው ተቀመጠ፤ ሌላው ቆመ። የኔታ በዘንጋቸው ተደግፈው መካከል ላይ ቆሙ። ተማሪዎቻቸው ከግንቡ ሥር ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ መምህራቸው ከሄዱ እነሱም መበተናቸው ነው። ቄስ ውበቱ መሐረቤን ፈትተው ንቦቹን በድንጋይ ላይ ዘረጉ።

«የኔታ፣ ይህ ቀለም የማን ነው?»

የኔታ ጎንበስ ብለው አዩ። «የእኔ ነው።»

«ንቦቹን ማን ቀባቸው?»

«እኔ ነኝ።»

ሰው ሁሉ አጉረመረመ። አያ ዳምጤ ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ክህደት ነበር የጠበቅሁት፤ ክህደት ስላጣሁ ግራ ተጋባሁ።

«የቅዱሳን ስም በሚጻፍበት ቀይ ቀለም?» አሉ ቄስ ውበቱ፣ ድምፃቸው ትንሽ ከፍ ብሎ።

«ጥቁሩ በንብ ጀርባ ላይ አይታይማ» አሉ የኔታ።

ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ብሎ በሳል ሸፈነው። የኔታ ግን የቀለዱ አይመስሉም።

«ከመቅደሱ ጓሮ አራት ቀፎ እንዳለን ታውቃላችሁ» አሉ። «የጧፋችን ሰም ከእነሱ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሳያቸው ደጃፋቸው ላይ ወድቀዋል። በየት ሄደው ምን እንደሚያገኛቸው ማወቅ ፈለግሁ። ጠዋት ብርድ ነው፣ ሲወጡ እግራቸው ይከብዳል፣ ቶሎ አይበሩም። በመቃ ብዕሬ ጫፍ ጥጥ አስሬ፣ ከቀፎ የምትወጣዋን ሁሉ ነካ ነካ አደረግኋት። ከዚያ በየማሳው ዞርኩ። ቀይ ነጥብ ያላት ሬሳ የት እንደምትወድቅ ፈለግሁ።»

«አገኙት?»

«ረቡዕ ቀን አገኘሁት። በአንድ ማሳ ብቻ ነው የወደቁት። አበባው ላይ የአበባ ያልሆነ ሽታ አለ።»

ከዚህ በኋላ ያለውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። በወይራው ሥር ከቆመው ሰው ሁሉ እኔ ብቻ ነበርኩ የገባኝ። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል።

«የማን ማሳ ነው?» አሉ ቄስ ውበቱ።

የኔታ ዘንጋቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«የኔታ፣ ተጠየቁ።»

«ለባለማሳው ለራሱ ልነግረው ፈልጌ ነበር። አልተገናኘንም። እሱ ሳይሰማው ስሙን ለጉባኤ አልሰጥም።»

«ስም የማይጠራው የሚጠራው ሰው ስለሌለው ነው» አለ አያ ዳምጤ። «ንቦቹ የተገኙት በምንይችል ደጅ ነው እንጂ በማሳ አይደለም። ቄሱ ይመስክሩ።»

ቄስ ውበቱ ወደ እኔ ዞሩ። ሰውም ዞረ። የኔታ ብቻ ወደ መሬት ያያሉ። አንድ ጊዜ ቀና ብለው ቢያዩኝ ኖሮ ምናልባት አፌ ይከፈት ነበር።

«ምንይችል፣ የምትጨምረው አለህ?»

«የለኝም» አልኩ።

ጉባኤው ብዙ አልቆየም። የቅዱሳን ቀለም በነፍሳት ላይ የቀቡ፣ ስም ሲጠየቁ የማይናገሩ መምህር ተብለው፣ መስቀል እንዳለፈ ከደብሩ እንዲሄዱ ተወሰነ። የኔታ እጅ ነስተው ወጡ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ አንገቱን ደፍቶ ያለቅስ ነበር። ሰዎች ወደ እኔ እየመጡ አጽናኑኝ።

ወደ ቤት አልሄድኩም። በቀጥታ ወደ ባቄላው ወረድኩ። ምን ልፈልግ እንደሄድኩ አላውቅም፤ ምናልባት የኔታ እንደዋሹ የሚያሳይ ነገር። ማሳው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ባቄላው ንጹሕ ነው፣ ያምራል፣ ሽታው ግን ሁለት ነው፤ የአበባውና የሌላኛው። ከሌላ ጊዜ የተለየው ጸጥታው ነበር። ያበበ ባቄላ ያለ ድምፅ አይቼ አላውቅም። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንዲት ንብ መጣች። ጀርባዋ ላይ ቀይ ነጥብ አለ። ከአንድ አበባ ገባች፣ ወጣች፣ ወደ ሁለተኛው ገባች። ስትወጣ እግሯን ጎተተች። ቅጠሉ ላይ ተሽከረከረችና ጫማዬ አጠገብ ወደቀች።

ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ሥልጠናው ላይ የሰማሁት ነገር ትዝ አለኝ። አሠልጣኙ «አበባ ላይ አትርጩ፤ ግድ ከሆነባችሁም ንቦች ቀፎ ከገቡ በኋላ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ» ብሎ ነበር። ሁለት ጊዜ ነው የተናገረው። እኔ ደግሞ ያኔ ምን ብዬ ነበር? «ይህን የሚሉት መድኃኒቱን እንዳንጨርስባቸው ነው» ብዬ ጠርጥሬ ነበር። አያችሁ፣ ለእኔ ተብሎ የተነገረ ምክር እንኳ እንደ ተንኮል ነው ጆሮዬ የገባው። ለጎረቤቴ የሰጠሁት እምነት ጥቂት ቢሆንም፣ ለእኔ ለራሴ የሰጠሁት ግን ልክ አልነበረውም። ሚስቴን፣ መምህሩን፣ አሠልጣኙን ሳይቀር ጠርጥሬ፣ መርጫ የታዘለበትን ጀርባ አንድ ጊዜም አልጠረጠርኩም።

ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሊመጣ ሲል፣ የየኔታን ጎጆ አንኳኳሁ። ብራናቸውን እየጠቀለሉ ነበር። እንድገባ አላሉኝም፣ አትግባም አላሉኝም። ደፉ ላይ ቆምኩ።

«የኔታ፣ ማሳው የእኔ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሐሙስም ዓርብም የመጡት ለዚህ ነበር?»

«ለዚህ ነበር። ሐሙስ አግኝቼህ ቢሆን ዓርብ አትረጭም ነበር።» ብራናውን አስቀመጡ። «አሁን ደግሞ መቼ ልትረጭ አስበሃል?»

«እንግዶቹ ሳይመጡ። ማክሰኞ ጠዋት።»

«አትርጭ።»

«አልረጭም።»

«ይኸው ነበር የመጣሁበት ጉዳይ» አሉና ወደ ብራናቸው ተመለሱ።

ያን ጊዜ አልቻልኩም። ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። «ጉባኤው ላይ ለምን ስሜን አልጠሩም?» ስላቸው መልስ ከመስጠታቸው በፊት የሚጠቀልሉትን ጨረሱ።

«ብጠራህ ትክድ ነበር። አንዴ ከካድክ ደግሞ ላለማፈር ስትል መርጨትህን አትተውም። እኔ የፈለግሁት እንድትተው ነው።»

«እርስዎ ግን ሊሄዱ ነው።»

«እኔ ሄጄ ሌላ ቦታ አስተምራለሁ። ንቦቹ ግን የሚሄዱበት የላቸውም።»

ማክሰኞ እንግዶቹ መጥተው ባቄላዬን አደነቁ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ዋልኩ። ረቡዕ መስቀል ነበር። ደመራው ከተለኮሰ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ከቤተሰቡ ጋር ቆሞ ሳለ፣ ቄስ ውበቱን ፈቃድ ጠይቄ ወደ መካከል ገባሁ። ንቦቹን ያገኘሁት ከደጄ እንዳልሆነ፣ ከባቄላዬ ማሳ እንደሆነ ተናገርኩ። ጠዋት ጠዋት አበባ ላይ መርጨቴን፣ የኔታ ሊነግሩኝ ሲመጡ ውሻ መፍታቴን፣ ጉባኤው ሲጠይቀኝ «የለኝም» ማለቴን ሁሉ ተናገርኩ። አያ ዳምጤ ከሰው መካከል ሾልኮ ሲሄድ አየሁት። ቄስ ውበቱም «ከተረፉህ ቀፎዎች አንዱን ለመቅደሱ ታመጣለህ፤ የኔታም አይሄዱም» አሉ። ከቅዳሜ በኋላ ሁለት ቀፎ ደግሞ ስላለቀብኝ የተረፉኝ ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዱን በዚያው ሳምንት ወሰድኩ።

ከየኔታ አራት ቀፎዎች አንድ ብቻ ተረፈ። በዚያ ዓመት የጧፉ ሰም ከገበያ ተገዝቶ መጣ፤ ሲነድ ይጨሳል ብለው ዲያቆናቱ አማረሩ። የእኔ ባቄላም ቁመቱ አምሮ፣ አበባው ረግፎ፣ ፍሬ ሳይቋጥር ቀረ። ጎረቤቶቼ በክሽክሽ የተበላ ባቄላቸውን ሲያጭዱ ያገኙት ከእኔ ይበልጥ ነበር። ምክንያቱን ያስረዱኝ የኔታ ናቸው፤ ባቄላን ፍሬ እንዲይዝ የምትረዳው ንብ ናት። እሷን ገድዬ ማንን ልጠብቅ?

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ክሽክሽ ሲወጣ በጠዋት ወርደን የተወረረውን የባቄላ ጫፍ በእጃችን እንቀጥፋለን፤ አድካሚ ነው፣ ወገብ ይሰብራል፣ ግን ይሠራል። መርጨት ግድ የሆነበት ሰው ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ተነስቶ «ነገ ማታ እረጫለሁ፣ ቀፎ ያላችሁ ተጠንቀቁ» ብሎ ይናገራል። ይህን ልማድ ያስጀመሩት የኔታ ናቸው። መጀመሪያ የተናገረውም፣ ታምኑኝ እንደሆነ፣ አያ ዳምጤ ነው። እኔ ዛሬ ስድስት ቀፎ አለኝ። አባቴ የሰጠኝን ያህል ገና አልደረስኩም።

እናንተ የምታነቡ፣ ጠርጣራነት እንዳልተወኝ ልንገራችሁ። አሁንም እንቁላል ሲላክልኝ አስባለሁ። ግን በቤቴ ዙሪያ አንድ ነገር ሲደርቅ፣ ሲሞት፣ ሲጠፋ፣ የጎረቤቴን ደጅ ከማየቴ በፊት በእጄ ምን እንደያዝኩ አያለሁ። ወንዛችሁ ቢቀንስ፣ አፈራችሁ ቢቀላ፣ ወፍ ከሰፈራችሁ ቢጠፋ እናንተም ከዚያ ጀምሩ። የሚወቀስ ሰው ማግኘት ቀላል ነው፤ እኔ በአንድ ቀን ውስጥ ሰው አግኝቼ ነበር።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። መስቀል ዕለት በሕዝብ ፊት ስናገር «ነገሩን ማሳው ላይ ተቀምጬ ራሴ ደረስኩበት» ብዬ ነበር። ይታይሽ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ትሰማ ነበር። ምንም አላለችም። ወደ ቤት ስንሄድም አላለችም፤ እስከ ዛሬም አላለችም። እኔም ለየኔታ አልቅሼ፣ ለቄሱ ተናዝዤ፣ ለሕዝቡ ተናግሬ፣ ለእሷ ግን ዝም ብዬ ይህን ያህል ዓመት ኖርኩ። ማንበብ አትችልም። ልጃችን ግን ትችላለች፤ ይህን ጽሑፍ እንድታነብላት እሰጣታለሁ። ማክሰኞ ጠዋት፣ ሞቱ ገና ከጅምሩ ሳለ፣ አንዲት ንብ በቅጠል አንስታ እውነቱን የነገረችኝ ይታይሽ ናት።